መንጋው እንዳያታልለን

ዛሬ ፖለቲካ የለም፤ ስለ ዓሣ ነው የምጽፈው። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ቅዱና ተቀመጡ።

የቀድሞ ተማሪዎቼ መቼም ታውቁኛላችሁ፤ ሰሌዳው ላይ ቁጥር ሳልጽፍ ትምህርት አልጀምርም። ስለዚህ እንካችሁ፦

3.4 ፣ 2.5 ፣ 3.2 ፣ 3.6 ፣ 1.0 ፣ 2.0 ፣ 4.0

እነዚህ ሰባት ቁጥሮች እኔ በምኖርበት በሜሪላንድ ግዛት ከ2019 እስከ 2025 የተመዘገቡ ናቸው (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው)። የግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች በየሰመሩ እየወጡ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤና ወደ እሱ በሚገቡት ወንዞች ዳር መረብ ይጎትታሉ። 22 የታወቁ ቦታዎች አሉ፤ በዓመት 132 ጊዜ ይጎተታል። ከዚያ በመረቡ ከገባው ውስጥ በዚያው ዓመት የተፈለፈሉትን የአንድ ዓሣ ጫጩቶች አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። ከላይ የጻፍኩት በአንድ ጉተታ በአማካይ ስንት ጫጩት እንደተገኘ ነው። ሥራው ከ1954 ጀምሮ ሳይቋረጥ ስለተሠራ የትናንቱን ከዛሬው ማስተያየት ይቻላል።

የረጅም ዘመኑ አማካይ 11 ገደማ ነው። በ1996 59.3 ተቆጥሯል። በ2011 34.6፣ በ2015 24.2። ከ2019 ወዲህ ያሉትን ሰባት ዓመታት ደምሩና ለሰባት አካፍሉ፤ 2.8 ታገኛላችሁ። ከወትሮው ሩብ ገደማ ማለት ነው። አንድ ዓመት ቢሆን "የዘንድሮ ነገር" ብለን እናልፈው ነበር። ሰባት ዓመት በተከታታይ ሲሆን ግን ሌላ ስም ይፈልጋል።

ዓሣው የትኛው ነው? ስትራይፕድ ባስ ይባላል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለን ሰዎች የምናውቀው ሮክፊሽ በሚለው ስሙ ነው፤ ወደ ኒውዮርክና ቦስተን ያላችሁት ደግሞ ስትራይፐር ሲሉት ትሰማላችሁ። መልኩ ብርማ ነው፤ ከጉንጩ ጀርባ እስከ ጭራው ሰባት ወይም ስምንት ጥቁር መስመሮች እንደ ነጠላ ጥለት ወርደውበታል። ሜሪላንድ ከ1965 ጀምሮ የግዛቱ ዓሣ ብላ አክብራዋለች። ዕድሜው እስከ 30 ዓመት ይደርሳል። በመንጠቆ ከተያዙት ክብረ ወሰኑን የያዘው በ2011 ኮኔቲከት አጠገብ የወጣው ሲሆን 37 ኪሎ ይመዝን ነበር። አስቡት፤ የአሥር ዓመት ልጅ ያህላል።

ኑሮው በባሕር ነው፤ የሚወለደው ግን በወንዝ ውሃ ነው። ጸደይ ሲመጣ፣ በተለይ በኤፕሪልና በሜይ፣ ትልልቆቹ ሴቶች ከአትላንቲክ ተነሥተው ወደ ቼሳፒክ ይገቡና ወንዞቹን ሽቅብ ይወጣሉ። ዲሲ ድልድዩ ላይ መኪና ተጨናንቆ ቆመን የምናየው ፖቶማክ ከእነዚህ ወንዞች አንዱ ነው። ከከተማው ወረድ ብሎ ባለው ውሃ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። እንቁላሉ እየተንሳፈፈ መሄድ አለበት፤ ወንዙ ደክሞ እንቁላሉ ከታች ጭቃ ላይ ካረፈ ታፍኖ ይሞታል። በሁለት ቀን ገደማ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው ደግሞ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳትን በሰዓቱ ማግኘት አለበት። ክረምቱ ቀዝቅዞ ጸደዩ ዝናባማ ሲሆን ሁሉም ይገጥማል። ክረምቱ ሞቆ ጸደዩ ከደረቀ ግን ሒሳቡ ይበላሻል። ከሰሜን ካሮላይና እስከ ሜይን ባሕር ዳርቻ ከሚዞረው የዚህ ዓሣ ዘር አብዛኛው የቼሳፒክ ተወላጅ ነው። ስለዚህ እዚህ የሚሆነው ነገር ቦስተን ላለው ሰውም ጉዳዩ ነው።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ልምጣ። ከአንድ የቀድሞ ተማሪዬ ኢንቦክስ መልእክት ደረሰኝ። ሜሪላንድ ነው የሚኖረው፤ ጀልባ ያለው ጓደኛ አለው። "ቲቸር፣ እርስዎ አለቀ አለቀ ይላሉ፤ እኛ ግን ቅዳሜ ሠላሳ ያህል ይዘን ሁሉንም ለቀቅናቸው። ውሃው በዓሣ ይፈላ ነበር እኮ!" ይላል።

ልጁ አልዋሸም፤ ያየውን ነው የነገረኝ። ችግሩ ያለው ዓይኑ ላይ ሳይሆን ዓሣው ጠባይ ላይ ነው።

ሮክፊሽ በመንጋ የሚሄድ ዓሣ ነው። ትልልቆቹ ራቅ ራቅ ይላሉ፤ ወጣቶቹ ግን በመቶ በሺህ ሆነው ይሄዳሉ። ሜንሃደን የሚባሉትን ትናንሽ ዓሦች ከበው ወደ ላይ ይገፏቸዋል፤ እነዚያ ሲዘሉ ከሰማይ የባሕር ወፎች ይወርዱባቸዋል፤ ውሃው እውነትም ይፈላል። አጥማጁ ወፎቹን ከሩቅ አይቶ ሞተሩን ያስነሣል። ወፍ ባያይ የጀልባው ሶናር ያሳየዋል፤ ሶናሩ ባያሳየው ጓደኛው ይደውልለታል። ባሕረ ሰላጤው ውስጥ አሥር መንጋ ቢኖርም ሁለት ብቻ ቢቀርም እሱ የሚፈልገው አንዱን ነው፤ አንዱን ደግሞ ያገኘዋል። ያገኘው መንጋ ያው ነው፤ ያልተገኙት ስምንቱ የት ሄዱ ብሎ የሚጠይቅ ማነው?

ለዚህ ነው በመንጋ የሚሄድ ዓሣ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ የሚያታልለው። ዛፍ ሲመናመን ይታያል፤ ጫካው ይሳሳል፣ ብርሃን ይገባል። የዓሣ መንጋ ግን አይሳሳም። ሲቀንስ ይሰበሰባል እንጂ አይበተንም። ካናዳ ኒውፋውንድላንድ የኮድ ዓሣ እንዲህ ነው ያለቀው። መርከቦቹ መንጋውን እየተከተሉ መረባቸውን እየሞሉ ሳለ ባሕሩ ባዶ እየሆነ ነበር። በ1992 መንግሥት ማጥመድን ሲዘጋ ከ30 ሺህ በላይ ሰው ሥራ አጣ። ይኸው ከሠላሳ ዓመት በኋላም ኮዱ እንደ ድሮው አልሆነም።

አሁን እንደ መምህር ልንገራችሁ። የአንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆማችሁ ተማሪ ሲወጣ አያችሁ እንበል። ግቢው ጢም ብሏል፤ የ12ኛ ክፍል ጎረምሶች በር ላይ ይጋፋሉ። "ይህ ትምህርት ቤት ሞልቷል" ትላላችሁ። ከዚያ መዝገብ ቤት ገብታችሁ ስታዩ ሰባት ዓመት ሙሉ አንደኛ ክፍል የገባው ልጅ ከወትሮው ሩብ ነው። ትምህርት ቤቱ ሙሉ ነው ወይስ ባዶ? መልሱ በሩ ላይ ሳይሆን መዝገቡ ላይ ነው። አንደኛ ክፍል ያልገባ ልጅ በምን ተአምር 12ኛ ክፍል ይገኛል?

የሜሪላንድ መረብ የሚቆጥረው አንደኛ ክፍል የገቡትን ነው። ዛሬ ጀልባ ላይ የሚሳቡት ትልልቆቹ በአብዛኛው የ2011፣ የ2015 እና የ2018 ልጆች ናቸው። ሴቷ እንቁላል ለመጣል ቢያንስ አራት፣ አብዛኛውን ጊዜ ስድስትና ከዚያ በላይ ዓመት ትፈልጋለች። ስለዚህ የ2019 ጉድለት አሁን ገና ነው ለአቅመ ሔዋን የሚደርሰው። የ2023ቱ ከነጭራሹ አልመጣም። ተማሪዬ በቅዳሜው መንጋ ተደሰተ፤ እኔ ደግሞ መዝገቡን አይቼ እንቅልፍ አጣሁ። ልዩነታችን ይኸው ነው።

ይህ ሲሆን የመጀመሪያው አይደለም፤ ለዚህም ነው ተስፋ ያልቆረጥኩት።

በ1973 ከአትላንቲክ ዳርቻ ለገበያ የወጣው ስትራይፕድ ባስ ወደ 15 ሚሊዮን ፓውንድ ይጠጋ ነበር። በ1983 3.5 ሚሊዮን ሆነ። በአሥር ዓመት ከአራት እጅ ሦስቱ ጠፋ። በ1984 የአሜሪካ ምክር ቤት ሕግ አወጣ፤ የጋራውን የጥበቃ ዕቅድ አልተገብርም ያለ ግዛት የፌዴራል መንግሥቱ ውሃውን ይዘጋበታል የሚል። ሜሪላንድ በጃንዋሪ 1985 ማጥመዱን ሙሉ በሙሉ ዘጋች። ለነጋዴውም፣ ለመዝናኛ የሚያጠምደውም፣ ለሁሉም። ደላዌር ተከተለች፤ ቨርጂኒያ በ1989። በዚያን ጊዜ በ1982 የተወለዱ ዓሦች ነበሩ፤ ዕቅዱ እነሱን መጠበቅ ነበር። ከሴቶቹ ከመቶ 95ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንቁላል እስኪጥሉ ድረስ ማንም እንዳይነካቸው። የሚከፈትበትንም ቀን አስቀድመው በቁጥር አሰሩት፤ የጫጩቱ ቆጠራ የሦስት ዓመት አማካይ 8 ሲደርስ ብቻ ይከፈታል ተባለ። የሚጮኸው ሰው ብዛት ወይም የምርጫ ዓመት መሆኑ አይከፍተውም።

በ1989 መረቡ ተጎተተ፤ 25.2። በ1990 በጥንቃቄ ተከፈተ። በ1995 ዓሣው ሙሉ በሙሉ አገግሟል ተብሎ ታወጀ። በዓለም ላይ ከጥፋት አፍ የተመለሰ ዓሣ ሲጠራ ይህ ከፊተኞቹ አንዱ ነው።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ አጭር ነው፤ ቼሳፒክ ዳግመኛ ይዘጋ። እንደ 1985ቱ። ለመሸጥም፣ ለመብላትም፣ "ይዤ እለቃለሁ" ለሚለውም። የሚከፈተውም በዚያው ቁጥር ይሁን፤ የሦስት ዓመት አማካይ 8።

"ይዤ እለቃለሁ የሚለው ምን አደረገ?" የምትሉ አላችሁ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ታገሡኝ።

ዓሣውን የሚጨርሰው ነጋዴው ነው ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። በእርግጥ ሌባ አልጠፋም። በ2011 ክረምት የሜሪላንድ ፖሊሶች ኬንት አይላንድ አጠገብ ከውሃ በታች ተደብቆ የተተከለ ሕገ ወጥ መረብ ሲያወጡ በውስጡ ከ20 ሺህ ፓውንድ በላይ ሮክፊሽ ተገኝቷል። ግን የ2017ን ሒሳብ ተመልከቱ። በዚያ ዓመት በሰው እጅ ከሞተው ስትራይፕድ ባስ ከመቶ 10 ያህሉ የንግዱ ድርሻ ነበር። 42 ያህሉ ለመዝናኛ አጥምደው ወደ ቤታቸው የወሰዱት ነው። 48 ያህሉስ? ተይዞ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ተስሞ፣ ተለቆ የሞተው ነው። ማንም ያልበላው፣ ማንም ያልሸጠው፣ ማንም "ገደልኩ" ያላለው። ትልቁ ድርሻ እሱ ነው!

እንዴት ይሞታል? ዓሣው መንጠቆ ላይ ሲታገል እንደ ሯጭ ጡንቻው ይቃጠላል። መንጠቆውን ውጦት ከሆነ ሆድ ዕቃው ይቆስላል። አየር ላይ በቆየ ቁጥር ይታፈናል። ሰመር ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ የሞቀ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ጥቂት ነው። ወደ ታች ወርዶ እንዳይቀዘቅዝ፣ ከእርሻና ከከተማ በሚታጠብ ማዳበሪያና ፍሳሽ ምክንያት የባሕረ ሰላጤው ወለል በሰመር ኦክስጅን አልባ ይሆናል። ከላይ ሙቀት፣ ከታች መታፈን። ለዚህ ነው ሜሪላንድ ከ2021 ጀምሮ ለተከታታይ ዓመታት ከጁላይ 16 እስከ 31 የዘጋችው፤ በቂ ነው ባልልም ትክክል ነበር።

ባለሙያዎቹ በአማካይ ከተለቀቁት ከመቶ 9ኙ ይሞታሉ ብለው ነው የሚያሰሉት። እንግዲህ ወደ ተማሪዬ ልመለስ። ሠላሳ ይዞ ሠላሳ ለቀቀ። 30 ሲባዛ በ9 ከመቶ፤ 2.7። ደንቡ በቀን አንድ ብቻ ውሰድ ይላል። አንድ ይዞ፣ አንዷን ወስዶ፣ ጠብሶ ከልጆቹ ጋር በልቶ የተኛው ሰው አንድ ዓሣ ገደለ። ሠላሳ የለቀቀው ደጉ ሰው ሦስት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ገደለ። አንድም ሕግ አልተጣሰም። ሁለቱም መልካም ሰዎች ናቸው። ጉዳቱ የሚደርሰው ከሺህ መልካም ሰዎች ትንሽ ትንሽ ተዋጥቶ ስለሆነ ማንም ተከሳሽ የለውም።

አሁን የሚነሡብኝን ጥያቄዎች አውቃቸዋለሁ፤ በየተራ ልመልስ።

አንደኛ፣ "በ1985 ችግሩ አጥማጁ ነበር፤ አሁን የአየር ጠባዩ ነው። ብትዘጋው ዝናብ ታመጣለህ ወይ?" የሚል አለ። ጠንካራ ጥያቄ ነው። እንዲያውም እኔው ላግዛችሁ፤ በ2011 የተቆጠረው 34.6 ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት በ2012 ግን 0.9። በአንድ ዓመት እናቶቹ አላለቁም፤ የተለወጠው ጸደዩ ነው። ስለዚህ አዎ፣ ጸደይን ማዘዝ አንችልም።

ግን ይህ ዓሣ ለምን 30 ዓመት እንደሚኖር አስባችሁ ታውቃላችሁ? እንዲህ ላለው ክፉ ጊዜ ነው። አንዲት ትልቅ እናት በአንድ ጊዜ በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች፤ አንድ ጸደይ ቢከሽፍ ለከርሞ ትመለሳለች፤ ያም ቢከሽፍ ለዚያኛው። ክፉ ዓመታትን አሳልፋ ደጉን የምትጠብቅ አድርጎ ነው የፈጠራት። እኛ ግን አታሳልፍም አልናት። ገበሬ በድርቅ ዓመት ዝናብ ማምጣት አይችልም፤ ዘሩን አለመብላት ግን ይችላል። ዘሩን ከበላ በኋላ ዝናቡ ቢመጣ ምን ያደርግለታል? ባልተዘራ ማሳ ላይ የዘነበ ዝናብ ጭቃ ነው የሚያተርፈው። እኔ ይዘጋ የምለው ደጉ ጸደይ ሲመጣ የሚቀበሉት እናቶች እንዲኖሩ ነው።

ሁለተኛ፣ "በዚህ የሚተዳደሩትስ?" ሰው በጀልባ ይዞ የሚወጣ ካፒቴን አለ፤ መንጠቆና ማጥመጃ የሚሸጥ አለ፤ ፈቃድ ያለው ዓሣ አጥማጅ አለ። ብዙዎቹ ከአያት ከቅድመ አያት የወረሱት ሥራ ነው። ይህን ቀለል አድርጎ የሚያወራ ሰው ሥራ አጥቶ የማያውቅ ነው። ስለዚህ ዝጉ ስል ባዶ እጃቸውን ስደዷቸው ማለቴ አይደለም። ዓሣው የሕዝብ ሀብት ከሆነ መዝጊያው ወጪም የሕዝብ ነው፤ ግዛቶቹ ካሣ ይክፈሉ። ግን ምርጫው "ይዘጋ" እና "እንደ ድሮው ይቀጥል" መካከል እንዳይመስለን። ሰባት ባዶ ክፍሎች ከኋላ እየመጡ ነው። በፈቃዳችን ብንዘጋው የሚከፈትበት ቁጥር አለው፤ ዓሣው አልቆ በራሱ ከተዘጋ ግን ቁጥርም ቀጠሮም የለውም። የኒውፋውንድላንድን ሰዎች ጠይቋቸው።

ሦስተኛ፣ "ሜሪላንድ ብትዘጋ ኒውጀርሲና ማሳቹሴትስ ይይዙት የለም ወይ?" ልክ ነው፤ ዓሣው ድንበር አያውቅም። ለዚህ ነው የ1984ቱ ሕግ የተሠራው፤ ሕጉም አልተሻረም። ግዛቶቹ በአንድ ጠረጴዛ የሚቀመጡበት ኮሚሽንም አለ፤ እስከ 2029 ዓሣውን እንመልሳለን ብሎ ቃል ገብቷል። በ2023 በባሕሩ ዳርቻ የሚወሰደውን መጠን ከ28 እስከ 31 ኢንች አጥብቧል፤ በ2024 ቼሳፒክ ላይ ከ19 እስከ 24 ኢንች አንድ ዓሣ ብቻ ተብሏል። መልካም ነው። ግን በኢንች እየቀነሱ መሄድ ሕመምተኛን በየቀኑ ግማሽ ክኒን እንደ መስጠት ነው፤ ሕመሙም አይድን፣ መድኃኒቱም ያልቃል። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይላሉ አባቶች።

አራተኛውና የሚያናድደኝ ጥያቄ፣ "እኛን ሐበሾችን ምን አገባን?" የሚለው ነው።

በጣም ያገባናል። ከኢትዮጵያ ውጭ ብዛታችን ከጎላባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው የዲሲ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ አካባቢ ነው፤ ውሃው ውሃችን ነው። ዲሲ ሜይን አቬኑ ያለው የዓሣ ገበያ ቅዳሜ ጠዋት አማርኛ ይሰማል። ደግሞ ሁዳዴ የሚውለው ልክ እነዚህ እናቶች ወደ ወንዝ በሚወጡበት ሰሞን ነው። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለሊቃውንቱ እተዋለሁ፤ የሚበላው ግን ከየት እንደመጣ ይጠይቅ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለሽያጭ የሚቀርብ ሮክፊሽ ሁሉ መለያ ሊታሰርበት ግድ ነው፤ መለያ የሌለውን ሙሉ ዓሣ አትግዙ። በኩሬ የሚረባ ድቅል ዓሣም ገበያ ላይ አለ፤ በመልኩ ይመሳሰላል፤ መስመሮቹ ግን እየተቆራረጡ ይሄዳሉ። እሱን ብትበሉ ከባሕር የጎደለ የለም።

ሌላም አለ። ቼሳፒክን አሁን ያጥለቀለቀው ብሉ ካትፊሽ የሚባል መጤ ዓሣ ነው። በ1970ዎቹ ለመዝናኛ ተብሎ ወደ ቨርጂኒያ ወንዞች ተለቀቀ፤ አሁን ያገኘውን ሁሉ ይበላል። መንግሥት ራሱ "እባካችሁ ብሉልን" እያለ ነው። ግን ያው አምባዛ ነው፤ ቅርፊት የለውም። ብዙዎቻችን በሃይማኖታችን ምክንያት አንነካውም፤ ይህን አከብራለሁ፣ ብሉ ብዬም አልሰብክም። የምትበሉት ካላችሁ ግን በርቱ፤ ሁለት ጊዜ ነው የምትጠቅሙት።

አገር ቤት ያላችሁ ወዳጆቼም ይህን የሩቅ አገር ወሬ እንዳታደርጉት። ጣና ውስጥ ያሉት የባርበስ ዝርያዎች፣ አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም የትም የሌሉት፣ ከእነሱ ብዙዎቹ በክረምት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወጥተው ነው እንቁላል የሚጥሉት። መረብ የሚተከለውም በዚያው ሰሞን፣ በዚያው የወንዝ አፍ ላይ ነው። ዝርያዎቹ ክፉኛ መመናመናቸው ከ1990ዎቹ ጀምሮ በጥናት ታይቷል። ያ አጥማጅ የዕለት እንጀራ ነው የያዘው፤ ፎቶ ለመነሣት አይደለም የወጣው፤ ስለዚህ በአንድ ሚዛን አልመዝናቸውም። የዓሣው ድክመት ግን አንድ ነው፤ ለመውለድ ሁሉም በሚያውቀው በር፣ ሁሉም በሚያውቀው ቀን፣ ተሰብስቦ ይመጣል።

ከመጨረሴ በፊት መምህራን የሆናችሁ የምትወዱትን አንድ ታሪክ ላክል። በ1639 የማሳቹሴትስ ሰፋሪዎች ይህ ዓሣ ለማሳ ማዳበሪያ እንዳይሆን በሕግ ከለከሉ፤ ያን ያህል ብዙ ስለነበር አፈር ያለብሱት ነበር። በ1670 ደግሞ የፕሊመዝ ቅኝ ግዛት ከኬፕ ኮድ የባስ፣ የማኬሬልና የሄሪንግ ዓሣ ማጥመድ የሚገኘው የዓመት ገቢ ነጻ ትምህርት ቤት እንዲከፈትበት ወሰነ። አሜሪካ የምትባል አገር ገና ሳትኖር ይህ ዓሣ ልጆች አስተምሯል። ቀለም የቆጠሩበት ገንዘብ ከሱ ነው የመጣው። ውለታውን የምንመልስበት ጊዜ ቢኖር አሁን ነው፤ የሱም አንደኛ ክፍል ባዶ ሆኗልና።

ምን እናድርግ ለምትሉኝ፦ የምታጠምዱ፣ ደንቡ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ከመውጣታችሁ በፊት የግዛታችሁን ደንብ እዩ። ሰመር ላይ ውሃው ሲሞቅ ይህን ዓሣ ተዉት። በሌላው ጊዜም በማጥመጃ ምግብ ካጠመዳችሁ ክብ መንጠቆ ተጠቀሙ፤ ከ2021 ጀምሮ ግዴታም ነው። አንድ ሁለት ከያዛችሁ በቃ፣ ወደ ቤት ግቡ፤ ሠላሳ መቁጠር ጀግንነት አይደለም። ደንቡ ሊሻሻል ሲል ለሕዝብ አስተያየት ክፍት ይሆናል፤ የአጥማጅ ማኅበራት ይጽፋሉ፣ የካፒቴኖች ማኅበራት ይጽፋሉ፤ እኛም እንጻፍ። ሁለት መስመር ይበቃል፤ "ቁጥሩ 8 እስኪደርስ ዝጉልን" በሉ።

ለተማሪዬም መልሴ ይኸው ነው፤ ኢንቦክስ ያላደረግሁት የብዙ ሰው ጥያቄ ስለሆነ ነው። ልጄ፣ ያየኸውን መንጋ አምናለሁ። አንተ ደግሞ መዝገቡን እመን።

የማትስማሙ ከታች ጻፉ፤ በተለይ የምታጠምዱ ሰዎች መልስ መስማት እፈልጋለሁ። ስድብ እሰርዛለሁ፤ ቁጥር ይዞ የመጣን ግን በደስታ አስተናግዳለሁ።

ቸር ይግጠመን።